የእትዬ ዋሪቱ ተራ

ዮሚፍን መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን በቁጣ ነው የተለያየነው። ፍቅር ከዓይን ይጀምራል የምትሉ ሰዎች እኔን አትጠይቁኝ። የእኔ የጀመረው ከውሃ ጥም ነው።

ከጅማ ትምህርቴን ጨርሼ መቱ የተመለስኩ ሰሞን ነበር። ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ያዘኝና ያገኘሁት በረንዳ ሥር ገባሁ። ለካ ብየዳ ቤት ኖሯል፤ ከኋላው መኖሪያ አለው። አንድ ረጅም ልጅ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብቅ አለ።

«ወደ ውስጥ ግቢ፤ እዚህ ያበሰብስሻል» አለኝ።

ገባሁና ውሃ ጠየቅኩ። እሱም ከመደርደሪያው ላይ ባለ ቀይ አበባ ብርጭቆ አነሳ። እኛም ቤት እንደዚያው ዓይነት ብርጭቆ ስላለ ልብ ብዬ አየሁት። ገና ሳይቀዳልኝ እናቱ እትዬ ዋሪቱ ከጓዳ ወጡ።

«ኧረ እሱን አትንካው!» አሉ ደንግጠው።

ብርጭቆው ወደ ቦታው ተመለሰ። ለእኔ በፕላስቲክ ኩባያ ተቀዳልኝ። ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ። የቡና ነጋዴው የጋሼ ጸጋአብ ልጅ ማህደር ለብርጭቆ አልበቃችም ማለት ነው? እያልኩ እስከ ቤት ድረስ ስነጫነጭ ሄድኩ።

ጥቂት ቆይቶ አባቴ የግቢውን በር ሊያስቀይር ባለሙያ ጠራ። የመጣው ዮሚፍ ነበር። ሰዓቱን ጠብቄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ውሃ ላምጣልህ? እኛ ቤት ብርጭቆ አይደበቅም።»

ሳቀ። ሲስቅ ያምራል፤ ያን ቀን ግን አላመንኩለትም።

«አልወጣልሽም ማለት ነው» አለ። «ብርጭቆዎቹ ለኪዳነ ምሕረት ማኅበር የተቀመጡ ናቸው። የእናቴ ተራ ሲደርስ ነው የሚወጡት። እስከዚያ ማንም አይጠጣባቸውም፤ እኔም ጠጥቼባቸው አላውቅም። ያን ቀን ለአንቺ ማንሳቴ...» አንገቱን ደፋ። «ምን እንደነካኝ እንጃ።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«ተራቸው መቼ ነው ታዲያ?»

መዶሻውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱን አባትሽን ጠይቂልኝ።»

አባቴ የማኅበሩ ሙሴ ነው። ማለትም መሪው እሱ ነው፤ ጽዋው ዛሬ ከዚህ ቤት ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄድ የሚያስታውቀው እሱ ነው። ማታ ራት ላይ ጠየቅኩት።

«ዋሪቱ ደክማለች፤ ቤቷም ጠባብ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

እውነቱን እኔ ልንገራችሁ። የእትዬ ዋሪቱ ባል ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውን፣ ቢላውን፣ ገጀራውን ለአገሩ ሁሉ ሠርተው ነው ያለፉት። እኛ ዘንድ ደግሞ ከቀጥቃጭ ቤት አይበላም፣ ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር አይጋቡም የሚሉ ሰዎች አሉ። ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። አብረን እናስቀድሳለን፣ አንድ ታቦት አጅበን እንዘምራለን፣ የግቢያችንን በር ለዮሚፍ እናሠራለን። ውሃ ላይ ስንደርስ ግን «አይ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ትሕትናው ነው የሚያናድደው!

ሰው ሁሉ እትዬ ጥሩ የሚላት እናቴ እኔ ጅማ እያለሁ ነው ያረፈችው። ስመለስ በእሷ ቦታ ማኅበሩ ውስጥ ገባሁ፤ ከዚያ ሁሉን በዓይኔ አየሁ። በየወሩ በአሥራ ስድስት እትዬ ዋሪቱ ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። በር ሥር ይቀመጣሉ። ሲያልቅ ዕቃ አጥበው ይሄዳሉ። ተዘልሎ የቀረው የእሳቸው ተራ በተነሳ ቁጥር አባቴ ጉሮሮውን ይጠርግና «እትዬ ዋሪቱን አናድክማቸው» ይላል፤ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል። እኔ ብሆን ተነስቼ እወጣ ነበር። እሳቸው ግን «ኪዳነ ምሕረት ታውቃለች» ብለው ፈገግ ይላሉ፤ በሚቀጥለው ወርም ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንደሚገኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እኔ ሥራ ያገኘሁት ጎሬ ነው። ዮሚፍም ጎሬ በር ለመግጠም ይመላለስ ነበርና ሚኒባስ ውስጥ መገናኘት ጀመርን። መጀመሪያ በአጋጣሚ፣ በኋላ እየተጠባበቅን። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያቃስት እኔ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ይረዝምልኛላ።

«እጄ ሻካራ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ እጄን እንደያዘ።

«እኔ መች ቅሬታ አቀረብኩ?»

ፍቅር ይሉት ነገር እንዲህ ያዘን። እኔ ነገር ማንዛዛት አልወድም፤ ከጎሬ ስንመለስ መናኸሪያው በር ላይ አቆምኩት።

«ሽማግሌ ላክ።»

ዓይኑን ወደ ሚኒባሶቹ አዞረ።

«ዮሚፍ፣ እያናገርኩህ ነው።»

«አልልክም፣ ማህደር።»

«አትወደኝም ማለት ነው?»

«እወድሻለሁ። ግን...»

ግኑን አልሰማሁም። ጥዬው ሄድኩ። ደወለ፣ አላነሳሁም። ሚኒባስ ውስጥ ሳየው ወርጄ ሌላ ያዝኩ። ትራሴን በእንባ አራስኩት፤ ምን እደብቃለሁ። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«አንድ ጊዜ ስሚኝና ከዚያ እንደፈለግሽ» አለ። «አባትሽ ለአንቺ ሲል እሺ ቢል እንኳ፣ በሠርጋችን ቀን እናቴ የት ነው የምትቀመጠው?»

የነጠላዬን ጫፍ ጠቀለልኩ።

«በር ሥር ነው የምትቀመጠው» አለ። «የእሷን ውሃ የማይጠጣ ቤት አማች ልሆን አልችልም። አንቺን ስላልወደድኩ አይደለም፤ እሷን ደግሜ በር ሥር ላስቀምጣት ስለማልችል ነው።»

የዚያን ቀን ነው የምር የወደድኩት። ለእናቱ እንዲህ የሚቆም ሰው ለእኔም ይቆማል አልኩ በልቤ።

በሚቀጥለው አሥራ ስድስት ማኅበሩ የተጠጣው እኛ ቤት ነበር፤ በእናቴ ተራ እኔ ነበርኩ ደጋሽ። ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ጸሎት ከተደረገ በኋላ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጽዋ ለተረኛው ለማስረከብ ተነሳሁ። ከእኔ ቀጥሎ እትዬ ዋሪቱ ነበሩ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ዋሪቱን አናድክማቸው። ገብረ ሥላሴ፣ አንተ ተቀበል።»

ጋሼ ገብረ ሥላሴ እጁን ዘረጋ። እኔ በፊቱ አለፍኩና በር ሥር ሄጄ ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ ተራዎ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እትዬ ዋሪቱ ግን አልተቀበሉኝም።

«ኢንተላ ኮ... ልጄ» አሉ በቀስታ። «ደግሼ ሰው ባይመጣስ?»

ለካ የፈሩት ይህን ኖሯል።

«እኔ እመጣለሁ» አልኳቸው።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የማኅበሩ ቄስ ከወንበራቸው ተነስተው «ተረኛዋ ተቀብላለች፤ እንሸኛት» አሉና ጽዋውን ይዘን ወጣን። አባቴ ቁጭ ብሎ ቀረ። ስመለስም አላናገረኝም፤ ወሩን ሙሉ እንደተኳረፍን ነው የከረምነው።

ዮሚፍ ያን ቀን የሥራ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ሮጦ መጣ።

«ምን አደረግሽ?»

«አደራ ሰጠኋችሁ። አሁን ቤቱን ቀለም ቀባ» አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሳቀ።

ቀኑ ደረሰ። ዝናብ ነበር። ጠላው ተጣርቷል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ ባለ ቀይ አበባዎቹ ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። የመጣነው ቄሱና እኔ ብቻ ነን። እትዬ ዋሪቱ የተወለወለውን ብርጭቆ ደግመው ይወለውላሉ።

«ዝናቡ ነው» አሉ።

በዝናብ ቤቱ የሚቀር የመቱ ሰው እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ። ዮሚፍ በሩን ተደግፎ መንገዱን ያያል። በአገሩ ሰው ሁሉ አፈርኩ፤ ይበልጥ ግን እኝህን ሴት ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ።

ድንገት ዮሚፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቴ ጃንጥላውን ይዞ ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«ማኅበርተኛው ካልተሰበሰበ ጽዋውን መውሰድ የሙሴው ፋንታ ነው» አለ። ከውጭ ነው የሚናገረው። «ለዚያ ነው የመጣሁት።»

«ይውሰዱ፣ ጋሼ ጸጋአብ» አሉ እትዬ ዋሪቱ። «ግን ዝናብ ላይ አይቁሙብኝ። ሴና... ይግቡ።»

ገባ። ጽዋው ካለበት ጠረጴዛ ሲደርስ ቆመ። ከብርጭቆዎቹ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄ እኛ ቤት ያለው ነው።»

«ነፍሷን ይማርና ጥሩ ናት ያመጣችልኝ» አሉ እትዬ ዋሪቱ። «ከጎሬ ስትገዛ ለራሷም ለእኔም ገዛች። ተራሽ ሲደርስ የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የምጠጣው ብላኝ ነበር። ሳይደርስ ቀደመች።»

እኔም ይህን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አባቴ። ድምፁ ተሰብሯል።

«በሟች ቃል ሰው ይገደዳል እንዴ፣ ጋሼ? በራስዎ እንዲመጡ ነበር የምፈልገው።»

አባቴ ጃንጥላውን ጥግ አስያዘና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ብርጭቆውን ዘረጋ። እትዬ ዋሪቱ ቀዱለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ጠርዙ የሞላውን ጠጥቶ ጨረሰው። 

«ይሄ የጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ መልሶ ዘረጋ። «አሁን የእኔን ቅጂልኝ።»

እትዬ ዋሪቱ ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔም፣ ዮሚፍም፤ ቄሱ እንኳ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ።

አባቴ ስልኩን አወጣ። «ገብረ ሥላሴ፣ የት ነህ? ማኅበሩ ተጀምሯል... ዝናብ? አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ዝናብ መፍራት የጀመርከው?»

ጋሼ ገብረ ሥላሴ በስብሶ ደረሰ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሁሉም መጡ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅበሩን የተዉም አሉ። የመጡት ግን እስኪመሽ ጠጡ፤ እትዬ ዋሪቱም በር ሥር ሳይሆን ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ዋሉ።

ዮሚፍ ሽማግሌ የላከው በሳምንቱ ነው። አባቴ እንደ ወጉ አልተግደረደረም። «ብዙ ያስጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ እናንተን ደግሞ አላመላልስም» አላቸው።

በሠርጋችን ማግስት ከብየዳ ቤቱ ኋላ ባለችው ቤት ውስጥ ጠማኝና ውሃ ልቀዳ ተነሳሁ። እጄ በልማድ ወደ ፕላስቲኩ ኩባያ ሄደ። እትዬ ዋሪቱ ቀድመውኝ ከመደርደሪያው ባለ ቀይ አበባውን ብርጭቆ አወረዱ፤ አጥበው፣ ሞልተው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ጠጪ ልጄ» አሉኝ። «ተራሽ ነው።»