ብቻቸውን ያልነበሩት አይጦች

ትርሲት በየማለዳው ቁርሷን ከመብላቷ በፊት የመቶ ሃያ አይጦችን አንጎል ታዳምጥ ነበር። በእያንዳንዷ አይጥ የራስ ቅል ውስጥ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ዳሳሽ ተተክሏል። «ህዋስ አድማጭ» የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ዳሳሹ የሚልከውን የነርቭ ህዋሶች ምልክት ወደ ድምፅ ይለውጥላታል። የጤነኛ አንጎል ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። የታመመው ግን ይሳሳል፣ እዚህም እዚያም ይቋረጣል፣ በመጨረሻም ጥቂት ጠብታ ብቻ ይቀራል። ትርሲት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በሳጥኖቹ ረድፍ መካከል ስታልፍ፣ በዚያ ሳምንት መራመድ የሚያቅታት አይጥ የትኛዋ እንደሆነች አስቀድማ ታውቅ ነበር።

ላብራቶሪው ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። አይጦቹ ሌላ በሽታ እንዳይገባባቸው ሲባል ለአንድ ዓመት አንድ ሰው ብቻ ይኖርበታል። ምግብና ዕቃ ሰው አልባ ጀልባ በየአሥራ አምስት ቀኑ ታመጣለች። ከሐይቁ ወፎች በቀር የሚመጣ የለም። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ይህ ተራ እንዳይደርሳቸው ሰበብ ይፈልጋሉ። ትርሲት ግን ራሷ ጠይቃ ነው የመጣችው።

ምክንያቷን ለማንም አልተናገረችም። በአይጦቹ ውስጥ ሆን ተብሎ ተበላሽቶ የሚጠናው ዘረመል «ሙ ሰባት» ይባላል። በአይጥና በሰው ውስጥ ያለው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሲበላሽ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍል ቀስ በቀስ ይገድላል። መጀመሪያ እግር ይከዳል፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ምላስ። አባቷን በሃምሳ ዓመታቸው ቀብራለች። ታላቅ ወንድሟ አስናቀ አናጢ ነበር፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ መሮው ከእጁ ይወድቅ ጀመር። እሷም ተመርምራ የተበላሸው ዘረመል እንዳለባት ካወቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ገና ምንም አልጀመራትም። ደሴቷን የመረጠችው የመጀመሪያው መንገዳገድ ሲመጣ የሚያያት ሰው እንዳይኖር ፈልጋ ነው።

ወንድሟን ሐዋሳ ካለ ዘመናዊ የሕሙማን ማረፊያ አስገብታዋለች። የግሉ ክፍል አለው። የሚያጎርሰውም የሚያጥበውም ማሽን ነው፤ በዚህ ትርሲት ትኮራ ነበር፤ የሰው እጅ ይቆሽሻል፣ ይሰለቻል፣ ይሳሳታል። እሁድ እሁድ ትደውልለታለች። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ይላታል። ይህችን ቃል ለማለት የሚፈጅበት ጊዜ ግን ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ ሄደ።

በዘጠነኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ህዋስ አድማጩ የብልሽት መልእክት አወጣ። የአርባ አንድና የአርባ ሁለት ቁጥር አይጦች ዳሳሽ ሳይበላሽ ስለማይቀር ከጥናቱ ይሰረዙ የሚል ነበር። መሣሪያው እንዲህ ማለቱ አያስገርምም። ሁለቱም መቶ ቀን አልፏቸዋል። በዚያ ዕድሜ የሚገኙት ሌሎቹ አይጦች በሙሉ ወድቀው በጎናቸው ይሳባሉ፤ የእነዚህ ድምፅ ግን ያው ሙሉ ዝናብ ነው።

ትርሲት ዳሳሹን ልትቀይር የአርባ አንድን ሳጥን ከፈተች። አይጧ የለችም። የተነጠፈውን ሰጋቱራ ወደ ጎን ስትገፋው ሁለቱን ሳጥኖች የሚለየው የፕላስቲክ ግድግዳ ተበልቶ፣ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። አርባ አንድ ወዲያ ማዶ ከአርባ ሁለት ጋር ተጠቅልላ ተኝታለች። ስትነካቸው ነቁና ሁለቱም ቀጥ ብለው ተራመዱ። ትርሲት ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ረጅም ሰዓት አየቻቸው።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ብርሃነመስቀል አዲስ አበባ ሆነው በስክሪን ነው የሚያነጋግሯት። የሆነውን ስትነግራቸው መመሪያው ግልጽ ነው አሉ፤ አይጦቹ ለየብቻ የሚቀመጡት ልኬቱ እንዳይዛባ ስለሆነ የተቀላቀሉት መወገድ አለባቸው። ትርሲት ከዚያ በፊት ተከራክራቸው አታውቅም።

«ዶክተር፣ ይህን ዘረመል ያጠኑት ሌሎቹስ አይጦቻቸውን እንዴት ነበር የሚያስቀምጧቸው?»

«ለየብቻ» አሏት።

«እንግዲያው እስከዛሬ ያየነው በሽታውን ብቻ አይደለም ማለት ነው።»

ዶክተሩ በማግስቱ ይህንኑ እንድትፈትሽ አምስት ወር ፈቀዱላት።

ለመራቢያ ከተለዩት አይጦች አዲስ ከተወለዱት ውስጥ የተበላሸ ዘረመል ያለባቸውን አርባ አይጦች ለየች። ሃያዎቹን ለየብቻ፣ ሃያዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ አስቀመጠች። ዓመቱ ሲያልቅ ልትተካት የመጣችውን ባልደረባዋን በመጣችበት ጀልባ መልሳ እዚያው ቀረች። ብቻቸውን የነበሩት በመቶኛው ቀን ግድም ወደቁ። ጥንዶቹ እስከ መቶ አርባኛው ቀን ተራመዱ። ከዚያ እነሱም አንድ በአንድ ወደቁ። የመጨረሻዋ ስትወድቅ ትርሲት ማዳመጫውን አውልቃ አለቀሰች። ፈውስ አልነበረም፤ አርባ ቀን ብቻ ነበር።

ናሙናዎቹ ሲመረመሩ የሙ ሰባት ሥራ ታወቀ። አንዱ የነርቭ ህዋስ ጎረቤቱን «አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ ዘረመል አማካይነት ነው። ዘረመሉ ሲበላሽ ጥያቄው አይወጣም። ስለዚህ መልስም አይመጣም፤ መልስ ያጣው ህዋስ አላስፈልግም ብሎ ራሱን ይገድላል። አንዷ አይጥ ሌላዋን ተጠግታ ስትተኛ ግን ከቆዳዋ የሚነሣ ሌላ ምልክት አንጎሏ ደርሶ ከጎደለው ጥቂቱን ይሞላል። ዶክተር ብርሃነመስቀል አርባው ቀን በሰው ዕድሜ ቢሰላ ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይሆናል አሏት፤ በሌላ ላብራቶሪ ተደግሞ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቋት።

ትርሲት በሚቀጥለው ጀልባ ሐይቁን ተሻግራ ሐዋሳ ገባች።

በክፍሉ በር ላይ ያለው ስክሪን ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ጠያቂ መሆኗን አሳያት። አስናቀ ንጹሕ አንሶላ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ክፍሉ የምንም ነገር ሽታ የለውም። ሲያያት ዓይኖቹ ፈጠጡ፤ አፉ ስሟን ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። እሷም ቆማ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ስለ አይጦቹ፣ ስለ አርባው ቀን፣ የተበላሸው ዘረመል በእሷም ውስጥ እንዳለ፣ አሁን ቤት ወስዳው አብረው እንዲኖሩ እንደምትፈልግ። እስክትጨርስ ድረስ አዳመጣት።

«አይጦቹ…» አለ፤ ቃሎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ። «አይጦቹ ባይሻላቸው ኖሮ… አትመጪም ነበር?»

ትርሲት በጀልባውም በመኪናውም ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር በሙሉ ስለ ቀናትና ስለ ዓመታት ነበር።

«አላውቅም፣ ወንድምዓለም» አለችው።

ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ተቀመጪ» አላት።

ወንበር ስላልነበረ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አልጋው ወዲያውኑ፣ በለሰለሰ የሴት ድምፅ፣ ከተፈቀደው በላይ ክብደት እንዳረፈበት ተናግሮ እንድትነሣ ለመናት። አልተነሣችም። ደግሞ ለመናት።

«አጥፊው» አለ አስናቀ።

ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ነቀለችው። ድምፁ ተቋረጠ። አልጋው በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጠው ነበር፤ አሁን የሚያገላብጠው የለም። ጥቂት ቆይቶ ጎኑን እንዳመመው በዓይኑ አመለከታት። ትርሲት እጇን ከትከሻው ሥር አስገብታ፣ እንዴት እንደሚያዝ ሳታውቅበት፣ ወደ ራሷ አዞረችው። ማረፊያው ክብደቱን በየሳምንቱ በቁጥር ይልክላት ነበር። እንዲህ መቅለሉን ግን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።