በቃኝ የማይል ቆዳ

ፕሮፌሰሯ የተገኘችው የላቦራቶሪዋ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር፣ ጉልበቷን አቅፋ ነው። ለብርዱ የሚለበሰው ወፍራም ካፖርት እስከ አንገቷ ተቆልፏል። በሩ በውስጥ በኩል በጥፍር ተቧጭሯል።

ባልደረቦቿ ወስፌ የሚሏት መርማሪ ብዙ አላወራችም። ሬሳው ወዳለበት ገባችና ሳጅኑን «ዝጋብኝ» አለችው።

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ዘጋው።

ግድግዳው ብረት ነው። ስልኳ መስመር አጣ። የውስጡ መክፈቻ ተሰብሮ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። መጀመሪያ በሩን መታች፣ ከዚያ ጮኸች፣ ከዚያ ትንፋሿን ልትሰበስብ ዓይኗን ጨፈነች። ክፍሉ ይባስ ጠበባት። ሳጅኑ ሲከፍት፣ በዚያ ብርድ፣ ላብ አጥምቋታል።

«ጮኹ እንዴ?» አላት።

«አልሰማህም?»

«ምንም።»

የሬሳውን ካፖርት ፈታች። ደረቱ ላይ፣ ከጋዋኑ በላይ፣ ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች ተወሽቀዋል። ሴል የሚያድግባቸው ናቸው። ወስዳ ውጭ ያለው የሴል ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው።

«ይሄን ያየነው እኔና አንተ ብቻ ነን። ከአፍህ ቢወጣ ወዮልህ።»

ለሳጅኑ ግን ነገሩ አልቋል። ለሴሎቹ ምግብ የምትሰጠውን ሠራተኛ ቤቱ ሁሉ ሞግዚቷ ይላታል። ቅዳሜ መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት ብሎ ከፕሮፌሰሯ ጋር የሚሠራው ዶክተር ነግሮታል፤ ከምሳ በፊት ካቴና ሊያጠልቅላት ነው።

ወስፌ የፕሮፌሰሯን ባል፣ ሞግዚቷንና ዶክተሩን አንድ በአንድ ጠራች።

ባልየው ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ከፕሮፌሰሯ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። መክፈቻውን አድስልኝ ብላ ስትለምነው፣ ነገ ዛሬ ሲል ወር አለፈው። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ዕቃውን ይዞ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ አገኛት። ይሄን ሲናገር እጁን የሚያሳርፍበት አጣ። እስከዚያ ድረስ የገባ ሁሉ በሩ እንዳይዘጋበት በበርጩማ ያግተው እንደነበር ነገራት።

«በርጩማው የት ነበር?»

«ጠረጴዛው ሥር። ቦታው ላይ።»

ውስጥ የተዘጋበት ሰው ውጭ ያለ በርጩማ ቦታው አይመልስም።

ሞግዚቷ አላለቀሰችም፤ ሰዓት ታያለች። ሴሎቹ ምግባቸው አልፎባቸዋል። ቅዳሜ ስትወጣ ዶክተሩ ከፕሮፌሰሯ ጋር እንደቀረ ምላለች። ዶክተሩ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ ይላል። ቃል ለቃል ነው፤ ሳጅኑ ደግሞ የሚያምነው ዶክተሩን ነው፣ ዶክተር ስለሆነ።

«እዚህ የምታሳድጉት ምንድን ነው?» አለች ወስፌ።

«ቆዳ። ጆሮ ውስጥ፣ ከታምቡሩ ጀርባ፣ ያለ ቦታው የሚበቅል። ጤነኛ ቆዳ ጎረቤቱን ሲነካ በቃኝ ይላል። ይሄኛው በቃኝ አያውቅም፤ ይደራረባል፣ አጥንት ይበላል። የእትዬንም ግራ ጆሮ የበላው እሱ ነው።»

ስለዚህ የፕሮፌሰሯ ግራ ጆሮ ወደ በሩ ከነበር፣ በርጩማው ሲነሳ አልሰማችም።

ዶክተሩ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ንግግሩ የተለቀመ ሰው ነው። ሴሉን እደግ እደግ የሚለውን ትእዛዝ የሚያፍን መድኃኒት አገኘሁ ይላል። መድኃኒቱ የተሰጣቸው የታመሙ ሴሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ነገ በጉባኤ ያቀርበዋል። ስለ ሟች ሲጠየቅ አዘነ፤ ልክ በሚገባው መጠን።

ከዚያ ወስፌ ሁሉንም ማይክሮስኮፑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ሁለቱን ሳህኖች ዓይናቸው እያየ ከማሞቂያው ሣጥን አወጣች። አንዷን ለሞግዚቷ ሰጠቻት።

«ምንድን ነው?»

ሞግዚቷ ሳህኗን ከራሷ በላይ አንስታ ከቂጧ ላይ የተጻፈውን አነበበች። «ጤነኛ።»

ዶክተሩ ተቀብሎ ክዳኑን አየ። «የታመመ። መድኃኒት የተሰጠው።»

«አንድ ሳህን፣ ሁለት ስም» አለች ወስፌ። «ሌላኛዋ ክዳኗ ጤነኛ፣ ቂጧ የታመመ ይላል፤ በማይክሮስኮፑ ሳያት ግን ሴሎቹ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ተደራርበዋል። መድኃኒቱን ብትቀምስም በቃኝ አላለችም። ክዳን ይለዋወጣል ብላ ፕሮፌሰሯ ቂጥ ላይ ታስጽፍ ነበር። ሞግዚቷ ብታጭበረብር ቂጡንም ታጠፋው ነበር። ክዳን ለውጦ ጨረስኩ የሚል፣ ክዳን ብቻ የሚያነብ ሰው ነው።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ልጅቷ ስትከድን ተሳስታ ይሆናል። ደግሞስ ሁለት ቀን ብርድ የመታው ሴል ምን ምስክር ይሆናል?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሳጅኑ ቀና አለ።

«የምን ብርድ?» አለች ወስፌ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «ያወጣሁት ከማሞቂያ ነው፣ አይተሃል። ካፖርቷ ውስጥ እንደነበሩ የምናውቀው እኔና ሳጅኑ ነን። ሌላ የሚያውቅ ካለ፣ ይዛቸው ስትገባ ያየ ነው። አንተ እንዳትደፋቸው፣ እድገታቸውም ባለበት እንዲቆም፣ ብርድ ውስጥ ልታኖራቸው ገባች። አንተም በርጩማውን አነሳህ። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ቦታው መለስከው።»

ዶክተሩ ወደ በሩ ዞረ። ባልየው እዚያ ቆሟል። ፈቀቅ አላለም።

ዶክተሩ ወደ መስኮቱ አየ፤ ፍርግርግ አለው። ተቀመጠ።

«ላስፈራራት ነበር። ስትለምነኝ ልከፍት ነበር።»

«እና?»

«ድምጿ አልተሰማኝም።»

ወስፌ ጉሮሮዋን ዳሰሰች። አሁንም ይከረክራታል። ለሳጅኑ በአገጯ ጠቆመችው።

ሲወስዱት ሞግዚቷ ጓንቷን አጠለቀች። የሴሎቹ ምግብ ያለው ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሬሳው ወጥቷል። በሩን ከፈተች፣ አንድ እግሯን አስገባች፣ እዚያው ቀረች።

ወስፌ በርጩማውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ ደፉ ላይ አቆመችው። ተቀመጠችበትም።

«ግቢ» አለቻት። «አልነሳም።»