በጉና ላይ የተወጠረው ገመድ

ይርጋ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ የጓሳ ሣር ሸክሙን አወረደ።

ዘውገ አየው። ከጣሊያኑ ሻምበል ጎን ቆሞ የመለኪያ ገመድ ይዟል። ዞር አላለም።

ሻምበሉ ጉና ላይ ለመኮንኖች የበረዶ ሸርተቴ እየሠራ ነው። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ተመንጥሯል፤ ቁልቁለቱ ተላጭቷል። ማረፊያ ቤቱ ክዳን ለብሷል። ሰው በቅርጫት የሚያወጣ የሽቦ ገመድ በሁለት ምሰሶዎች ላይ ተወጥሯል። በረዶው ግን ፀሐይ እስኪሞቅ ብቻ ነው የሚቆየው።

ቅዳሜ በገመዱ የሚወጣው ሰው አይደለም። መድፍ ነው። ከተራራው ጫፍ ሆኖ የፋርጣን መንደሮች ይመታል።

ጣሊያን አገር ቶሪኖ ዘጠኝ ዓመት የተማረው ዘውገ ለሻምበሉ አስተርጓሚ፣ ለአርበኞቹ «ጅብራ» የተባለ የውስጥ ሰላይ ነው። ይርጋ የአርበኞቹ መልእክተኛ ነው፤ «ጅብራ» ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የሚያውቀው ልብስ አጣቢዋን ፈንታነሽን ብቻ ነው።

ዘውገ ምሰሶዎቹንና ጠባቂዎቹን የሣለበት ካርታ እሷ ዘንድ፣ በሱፍ ካልሲ ውስጥ ነበር።

ይርጋ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ፈንታነሽ የታጠበ ሸሚዝ ይዛ ወደ ዘውገ መጣች።

«ለምን አልሰጠሽውም፣ እታለም?»

«ነገ ና አልሁት። አፉ ጥብስ ጥብስ ይላል።»

«ታዲያስ?»

«ዛሬ ረቡዕ ነው፣ አንተ የፈረንጅ አገር ሰው! በዚህ ተራራ በረቡዕ ሥጋ የሚጠበሰው የሻምበሉ ማድ ቤት ብቻ ነው።»

ዘውገ አፈረ። ጾም ከተወ ቆይቷል።

ሌላ ካርታ ሣለ። ሐሰተኛ። «የምሥራቁ ምሰሶ ጠባቂ የለውም፤ ቅዳሜ እሱን ቁረጡ» የሚል።

«ይህን ስጪው፤ ለሻምበሉ ያደርስለታል። አንቺ ሽሺ።»

«ከሸሸሁማ ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።»

«ይገድሉሻል።»

«ልጆቼ ታች ናቸው። ከዚያ መድፍ ሥር።»

እውነተኛውን ካርታ ዘውገ ራሱ ቁልቁለቱን ሲለካ፣ ለክፉ ቀን ከአርበኞቹ ጋር ከተቀጣጠረበት የጅብራ ጉቶ ሥር ቀበረው። አርበኞቹ አነሡት።

ሐሙስ ይርጋ ሐሰተኛውን ወሰደ። ማታውን ጠባቂዎቹ በሙሉ ወደ ምሥራቁ ምሰሶ ተዛወሩ።

ዓርብ ፈንታነሽን ያዟት።

ሻምበሉ ጠየቀ። ዘውገ ተረጎመ።

«ወረቀቱን ማን ሰጠሽ?»

ቀና ብላ አየችው።

ተፋችበት።

«ከባንዳ ጋር ቃል የለኝም!»

ሠራተኛው ሁሉ ሰማ። ይርጋ ሳቀ።

ዘውገ ፊቱን ሳይጠርግ ተረጎመ። «አልናገርም አለች።»

ከማረፊያ ቤቱ ግድግዳ ሥር ረሸኗት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መድፉ በገመዱ ተንጠልጥሎ ከገደሉ በላይ ደርሷል። አርበኞቹ ጎሕ ሲቀድ በመጋዝ ገዝግዘው የተዉት የምዕራቡ ምሰሶ ጮኸ።

ተገነደሰ።

መድፉ ገደል ገባ። ሻምበሉ «አታለልኸኝ» ብሎ ይርጋን በሽጉጡ ገደለው። ዘውገ ደስ አላለውም።

በሳምንቱ ከጉና ጠፋ። ወሬው ቀድሞት ደብረ ታቦር ገብቷል፤ ፈንታነሽ የተፋችበት ባንዳ። ሰላምታውን የመለሰለት የለም። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

ዘጋው። ጣሊያን ገና አልወጣም።

ይፋግ ገበያ ላይ ምግብ የምትሸጥ ሴት ጫማውን አየች።

«የጣሊያን ሰው አይደለህ? ሥጋ ላስፈልግልህ?»

ረቡዕ ነበር።

«ጾመኛ ነኝ» አላት።

ከት ብላ ሳቀች። ሽሮ አቀረበችለት። ስሙን አልጠየቀችውም።