በሶልባከን ያልተነሣው እሳት

«እሳቱ የት ነው?» አለ ኒልስ ክቫሜ፣ በግራ በቀኙ ባልዲ ውሃ አንጠልጥሎ፣ በዲያቆን አንፊን ስኮግሞ ወጥ ቤት ደጃፍ ቆሞ እያለከለከ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1923 ዓመት፣ በማርች ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነበር፤ በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ሜዳ በረዶው ገና አልለቀቀም፤ የኖርዌዮቹ መንደር የሶልባከን ሰዎችም ፈረሶቻቸውን እየገረፉ በየአቅጣጫው ይመጡ ነበር። በዚያን ዘመን የመንደሩ አሥራ አንድ ቤት በአንድ የስልክ ሽቦ የተያያዘ ነበርና እያንዳንዱ ቤት የራሱ የደወል አጠራር ነበረው፤ ለክቫሜ ቤት ሁለት ረጅም አንድ አጭር፣ ለቄሱ ሦስት አጭር፤ በሁሉም ቤት ሳይቋረጥ የሚጮኽ አንድ ረጅም ጥሪ ግን የእሳት ነው።

ያን ዕለት እንዲያ የደወለችው የዲያቆኑ ሚስት ወይዘሮ ራግና ነበረች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ግራ ክንዷ ተሰብሮ፣ በቀኝ እጇ የስልኩን እጀታ እስኪበቃት አዞረች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ግን ባሏ ማዳመጫውን ከነሽቦው ከግድግዳው ነቀለው።

ዘጠኝ ወንዶች አሥራ ሰባት ባልዲ ይዘው ወጥ ቤቱን ሞሉት። የተገለበጠውን ወንበር አዩ፤ የተነቀለውን ስልክ አዩ፤ የራግናን ፊት አዩና ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ።

«ጭስ ማውጫው ነው» አለ ዲያቆን አንፊን፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ብልጭታ አይታ ደነገጠች። የሴት ነገር!»

«አሃ፣ ጭስ ማውጫው» አለ ኒልስ።

የእኛ ሰዎች ጨዋነት ወሰን የለውም፤ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ የመጡበትን ሳይፈጽሙ መመለስ ነውር ነውና፣ ሁለቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው በጭስ ማውጫው ስድስት ባልዲ ውሃ አፈሰሱ፤ በዚያ ብርድ ቤቱን የሚያሞቀውን ብቸኛ እሳት ከምድጃው ውስጥ አጠፉት። ራግና በደኅናው እጇ ጥላሸቱን ስትወለውል፣ ወንዶቹ እግራቸውን እያነሡ አሳለፏት። ኒልስ ባርኔጣውን አውልቆ «እንኳን እግዜር አተረፋችሁ» ብሎ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ወይዘሮ ጉንሂልድ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«ራግናስ?»

«ምን ራግና?»

«የደወለችው ነዋ፣ አንተ ሰውዬ!»

ኒልስ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ያን ቀን ጫማው አልወልቅ ብሎ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ክንዷ ተጣምሞ ከገጠመ በኋላ ራግና ወደ ቄሱ ሄደች፤ «ታገሺ፣ ልጄ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ምሰሶ ነውኮ» አሏት። ወደ አውራጃው የፖሊስ አለቃ፣ ወደ ሸሪፉም ሄደች፤ ሸሪፉ ደግ ሰው ነበረና ወንበር ሰጣት። «እሜቴ፣ ዘጠኝ ሰው ቤትሽ ገብቶ አንዱም ምንም አላየም ይላል» አላት። «እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ልይ?»

እንግዲህ የቀረው የሴቶች ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ብርድ ልብስ ከመስፋትና ድንች ከመላጥ በቀር ሥልጣን አልነበረውም፤ በሜይ ወር በሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ጉባኤም ወንዶች ፎቅ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሴቶች ምድር ቤት ያበስላሉ። ጉንሂልድ ግን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበረችና ወንዶቹን ታውቃቸዋለች፤ የደወል ማማውን ቀለም ጉዳይ ካነሡ እስከ ማታ አይነሡም። በስልክ ቤት ጥሪ የምታገናኘው ስልከኛዋ ቶሚነ በከተማ፣ በግራንድ ፎርክስ፣ እንዲህ ያሉ ሴቶችን የምታስጠጋ አንዲት መበለት በሽቦ ፈልጋ አግኝታለች፤ ጉንሂልድ ራግናንና የሰባት ዓመት ልጇን ቦርግኒን በፎርድ መኪናዋ ለከሰዓቱ ባቡር ታደርሳለች፤ ነገሩ ሁሉ ተሰናዳ።

ነገር ግን ዲያቆን አንፊን በዚያ ቀን ቦርግኒን ይዟት ፎቅ ወጣ፤ ከጎኑም አስቀመጣት።

ጉንሂልድ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ጉባኤው በር ወጣች። «ዲያቆን አንፊን፣ ቦርግኒን ለአንድ አፍታ ያውሱን፤ ሳህን የሚያቀብለን አጣን።»

«አሥራ አምስት ሴት ታች አለ አይደል እንዴ? ትቀመጥ» አለ፤ ወንዶቹም ሳቁ።

ወረደች። ራግና ካፖርቷን ለብሳ በእንፋሎቱ መካከል ቆማለች።

«እምቢ አለ?»

«እምቢ አለ።»

«ድገሚና ጠይቂው።»

«ከደገምኩ ይነቃል፣ እህቴ።»

ቦርግኒ አግዳሚ ወንበር በተረከዟ የመምታት ልማድ ነበራት፤ ድምፁ በጣውላው አልፎ ቷ፣ ቷ እያለ ምድር ቤት ይሰማ ነበር። ራግና ሽቅብ እያየች አዳመጠች፤ ሴቶቹም ማማሰያቸውን ይዘው አብረዋት አዳመጡ።

«ብትቀሪ» አለች ጉንሂልድ በመጨረሻ፣ «የምትቀብርሽ እሷ ናት።»

ራግና ብቻዋን ሄደች። ፎቅ ላይ ማማው ነጭ እንዲሆን በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ተወሰነ።

በመከር ጊዜ ዳኛው ቤቷን ጥላ የኮበለለች ሴት፣ ልጅ ለማሳደግ አትገባም ብሎ ፈረደ። ራግና በመበለቲቱ ቤት በአንድ ደኅና እጅ ሊጥ ማቡካት ተማረች፤ ማኅበሩ ለሚስዮን ብሎ የሰፋው ብርድ ልብስ በየክረምቱ መንገድ እየሳተ እሷ ዘንድ ይደርስ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም መበለቲቱ ስታረጅ የዚያ ቤት ቁልፍ በራግና ወገብ ላይ ታሰረ፤ ከንፈሯ የተሰነጠቀ ሴት ስትመጣ በሩን የምትከፍት እሷ ሆነች።

ከፍርዱ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ቦርግኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክቫሜ ቤት ጎራ ትላለች፤ ቶሚነም ከእናቷ ጋር በስልክ ታገናኛታለች። መጀመሪያ ቀን ግን መደማመጥ አልቻሉም፤ በአንድ ሽቦ ላይ ማዳመጫ ያነሣ ሰው በበዛ ቁጥር ድምፅ ይደክማልና፣ የእኛ ሴቶች ደግሞ የሰው ወሬ ሳያዳምጡ ያደሩበት ቀን የለምና።

«እማዬ? ሩቅ ነሽ» አለች ልጅቱ።

«ሴቶች!» ብላ ጮኸች ቶሚነ ከስልክ ቤት፤ «ስቀሉት!»

ቀጭ አለ አንድ ማዳመጫ፤ ቀጭ አለ ሌላው፤ በየተራ ሁሉም ተሰቀሉና በእያንዳንዱ ቀጭታ የእናትየው ድምፅ እየቀረበ መጣ። በሽቦው እየሰሙ ለዓመታት የተሸከሙትን ምሥጢር አሁን ገና ለባለቤቶቹ ተዉላቸው ማለት ይቻላል፤ ሌላ የሚያደርጉት ነገርም አልነበራቸውም።

ቦርግኒ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሻንጣ ይዛ ራግና ቤት መጣች። ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እናትና ልጅ በሽቦ ካልሆነ ማውራት አልለመዱም ነበር።

በ1957 ዓመት ሶልባከን ሰባ አምስተኛ ዓመቷን ስታከብር የመታሰቢያ መጽሐፍ ታተመ። ዲያቆን አንፊን ስኮግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ በመጽሐፉ ከነፎቶግራፉ አንድ ገጽ ተሰጥቶታል፤ የማማው ቀለም አንድ ምዕራፍ ይዟል፤ ስለ ምድር ቤቱ ሴቶች ምግቡ ጣፋጭ እንደ ነበር ተጽፏል። ታሪክ ባልዲ የያዘውን ሰው ቆጥሮ ይመዘግባል፤ የደወለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ይቀራል።

ጸሐፊው ኒልስ ክቫሜ ነበር፤ ሸምግሎ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ከማተሙ በፊት ጽሑፉን ይዞ ግራንድ ፎርክስ ድረስ ወደ ራግና ሄደ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አነበበላት፤

«‹በማርች 14 ቀን 1923 በዲያቆን አንፊን ስኮግሞ ቤት እሳት ተነሣ፤ ጎረቤቶች ፈጥነው ስለ ደረሱ በሰው ላይ ጉዳት ሳይደርስ ጠፋ።›» መነጽሩን አወለቀ። «የሚታረም ካለ ንገሪኝ፣ ራግና። እርሳሱን ይዣለሁ።»

ራግና የተጣመመውን ክንዷን በደኅናው እጇ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቀኑ ልክ ነው» አለችው።