የማክሰኞው በርገር

ይድነቃቸው በርገሩን ሁለት ጊዜ ገመጠ። ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሲከፍት ላብ አጠመቀው፤ ምራቁ ያለ ልክ ይዝረበረብ ጀመር፤ ከወንበሩም ወደቀ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ቦታው ቡታጅራ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የዘይባ በርገር ቤት ናት። ሆስፒታል ሲያደርሱት ትንፋሹ አልነበረም።

ሟቹ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ወልቂጤ ውስጥ የሚያስተምር መምህር ነበር። ሰው የሚያውቀው ግን በቲክቶክ ገጹ ነው። «ጥሩ በርገር የት አለ?» እያለ ወልቂጤን፣ ጉብሬን፣ ጥያንና ቡታጅራን በሚኒባስና በባጃጅ እየዞረ ይቀምሳል፤ የቀመሰውንም ሳያለዝብ ይናገራል። ከአካባቢው ከተሞች ሁሉ የበለጠውን በርገር ቤት ቅዳሜ አሳውቃለሁ ብሎ ለተከታዮቹ ቃል ከገባ ሳምንት አልሞላውም።

ኢንስፔክተር ውድነሽ ስትደርስ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። «መርዘኛ!» የሚል አለ፤ ድንጋይ ያነሳም አለ። የበርገር ቤቱ ባለቤት ዘይባ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጆቿን አጣምራ ደፉ ላይ ቆማለች።

«ዝጊ ተብለሻል እኮ!» ይላታል አንድ ወጣት ፖሊስ።

«አልዘጋም! ብዘጋ ጥፋተኛ ነኝ ማለቴ ነው። ወላሂ አልዘጋም!»

«ተዋት» አለች ውድነሽ ፖሊሱን። «ድንጋይ የያዙትን በትንልኝ።»

ውድነሽ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ወደ ውስጥ ገብታ ሟቹ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ዞረችው። ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ ግን ምግብ የለም። ከሳህኑ አጠገብ አንድ ዕቃ የተቀመጠበት የእርጥበት ክብ ይታያል። ክቡ የመዳፍ ያህል ይሰፋል። የዘይባ ብርጭቆዎች ደግሞ ታችኛው ክፍላቸው ጠባብ ነው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ዝንጅብል አፍልተሽ ነበር?»

«እኔ ቤት ዝንጅብል የለም። ለስላሳና ውሃ ነው የምሸጠው።»

«የተረፈውን በርገር ማን አነሳው?»

«መሬት ወድቆ ድመቷ በላችው።»

ድመቷ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትልሳለች። ውድነሽ ፖሊሱን ጠራችው። «ይህችን ድመት እስከ ማታ ጠብቅልኝ። ምስክሬ ናት።»

ፖሊሱ ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

«ለይድነቃቸው ምን ዓይነት በርገር ሰጠሽው?»

«ባቄላና ምስር ፈጭቼ የጠበስኩት። የጾም በርገር ነው።»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?»

«ጽጌን ይጾማል አለችኝ እጮኛው። እኔ ምን አውቄ? ትናንት ደውላ አዘዘችኝ። ለዳቦ ጋጋሪው ለጋሽ ዱባለ ነግሬ ወተትና እንቁላል የሌለው ዳቦ አስጋገርኩለት።»

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ብዙው ምእመን አይጾመውም። ውድነሽ ይህን ደብተሯ ላይ አሰፈረች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወዲያው ደወለላት። የምግብ መበከል ምልክት እንዳልሆነ፣ የተባይ መርዝ እንደሚመስል ነገራት። ጥርጥር እንዳይኖር ናሙና አዲስ አበባ ሊልክ ነው።

የይድነቃቸው እጮኛ ሀሴት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቪዲዮዎቹን የምትቀርጸው እሷ ናት። አልቅሳ ዓይኗ አብጧል፤ ስትጠየቅ ግን ቃሏ አልተንቀጠቀጠም።

«ጠረጴዛው ላይ ዝንጅብል የነበረበት ዕቃ ነበር?»

«ፔርሙሱ! ከመቅመሱ በፊት የዝንጅብል ሻይ ይጠጣል፤ ምላሱን ለማጽዳት። ቪዲዮውን የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል።»

«የት ገባ?»

ሀሴት ቀና አለች። «እኔ እንጃ። ሲወድቅ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክዳኑም ክፍት ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

«ሻዩን ማን ሞላው?»

«አቶ ፈቃደ ራሱ፣ ሰገነት በርገር ቤቱ ውስጥ። አምስት ሰዓት ላይ ላነጋግርህ ብሎ ጠርቶት ነበር። ይድነቃቸው ምንም አልበላም፤ ጠግቤያለሁ አለ። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል። "ቅዳሜ እውነቱን እናገራለሁ" አለኝ እንጂ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም።»

«እንደሚጾም አቶ ፈቃደ ያውቁ ነበር?»

«ለማንም አልተናገረም። በርገር ቀማሽ ጾመ ብለው እንዳይስቁበት መስከረም ላይ የቀረጽነውን ነበር የምንለቀው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ጉብሬ ሥጋ ሲበላ የሚያሳየውን ለቀናል።»

«ዘይባ ቤት የሄዳችሁት በቀጠሯችሁ ነው?»

«አይ። ሩብ ጉዳይ ለስድስት እንገኛለን ብለን ገጹ ላይ አውጥተን ነበር። የባጃጁ ጎማ ፈነዳና ስድስት ከአሥር ገደማ ደረስን። በርገሩ እስኪጠበስ ሻዩን ጠጣ።»

«ሆስፒታል ማን አመጣው?»

«አቶ ፈቃደ በመኪናው። በዚያ በኩል ሳልፍ ጩኸት ሰማሁ አለ።»

ውድነሽ ደብተሩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጨመረች። «ተጣልታችሁ ነበር ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ፣ ተጣልተን ነበር። ገጹን ተውና ሠርጋችንን እናስብ ብዬው ነበር። ለዚህ ነው የምገድለው?» ሀሴት ተነሳች። «ጠርጥሪኝ እሺ። ግን የገደለውን ሳታገኚ እንዳትተዪ!»

ዳቦ ጋጋሪው ጋሽ ዱባለ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ይድነቃቸው በክረምቱ ዳቦውን «ጎማ» ብሎ በአደባባይ ሰድቦታል፤ ሦስት ቤቶች ከእሱ መግዛት አቁመዋል። በዚያ ላይ ማክሰኞ ዕለት ከሟቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። ውድነሽ ምድጃው ፊት አገኘችው።

«ተናድጄበት ነበር፤ አልክድም» አለ ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ። «ግን ልጁ እውነቱን ነው፤ ዳቦው ጎማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሻሻልኩት። ዛሬ የሄድኩት የጾም ዳቦዬን ሲቀምስ ፊቱን ላይ ብዬ ነው።»

«ምን አየህ ታዲያ?»

ሽማግሌው ወደ ምድጃው ዞረ። «መጀመሪያ ሲገምጥ ራሱን ነቀነቀልኝ። "ጋሽ ዱባለ፣ አሁን ዳቦ ሆነ" አለኝ።»

በማግስቱ የከተማው ጤና ቢሮ ሠራተኛ ሃፊዛ መዝገቧን ይዛ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኢንስፔክተር። ትናንት አንድ ሰው በመደበኛው ስልክ ደውሎ ነበር። "ዘይባ ቤት የበሰበሰ ሥጋ የበላ ሰው ሞተ፤ ሥጋውን ሳትደብቀው ድረሱ" ብሎ ዘጋው። ወንድ ነው፤ ድምፁን አፍኖታል።»

«ስንት ሰዓት?»

«እኔን የከነከነኝ እሱ ነው። ስድስት ከአሥር ብዬ ጽፌያለሁ። ሰው ሁሉ ደግሞ ልጁ የወደቀው ስድስት ከሃያ አምስት ነው ይላል።»

ውድነሽ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነስታ በፍርድ ቤት በኩል አልፋ ወደ «ሰገነት በርገር» ሄደች።

ሰገነት በርገር በዋናው መንገድ ላይ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። ባለቤቱ አቶ ፈቃደ ከመኪናው ሲወርድ አገኘችው።

«የሚያሳዝን ነገር ነው» አለ። «በእጄ ላይ ነው የሞተው። እንዲያ ዓይነት የበሰበሰ ሥጋ እየሸጠች ዝም ትባላለች?»

ውድነሽ በተከፈተው በር ወደ መኪናው አንገቷን አስገባች። የፊት ወንበሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ገና ከላስቲኩ የወጣ ነው። ከሥሩ ግን ዝንጅብል ይሸታል።

«ምንጣፉ አዲስ ነው።»

«ሰው የሞተበትን ልቀመጥበት ነው?»

«እውነትዎን ነው» አለች ውድነሽ። «መኪናዋን ግን ለሁለት ቀን እወስዳታለሁ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዣለሁ።»

በዚያው ቀን አለቃዋ ኮማንደር ዓለምዘውድ አስጠራት።

«ከተማው ተቆጥቷል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ሰው ባይገባላትም በሯን ከፍታ ትውላለች። ለምን አታስሪያትም?»

«እሷን ማሰር ገዳዩን መፍታት ነው።»

«ትእዛዝ ነው ብልሽስ?»

«በጽሑፍ ይስጡኝ። ድመቷ እንዳልሞተችና ስልኩ አስቀድሞ እንደተደወለ ከሥሩ ጽፌ እፈርማለሁ።»

ኮማንደሩ የቀን መቁጠሪያውን አየ። «እስከ ዓርብ» አለ በመጨረሻ።

የላቦራቶሪው ውጤት ዓርብ ጠዋት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ውድነሽ ሁሉንም ዘይባ ቤት ሰበሰበች። ሀሴት፣ ጋሽ ዱባለና አቶ ፈቃደ ወንበር ይዘዋል። ኮማንደሩ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዘይባ ከምድጃዋ ኋላ ናት።

«ከድመቷ እንጀምር» አለች ውድነሽ። «ይድነቃቸው የጣለውን በርገር በላች፤ ይኸው ዛሬም አለች። ስለዚህ መርዙ በርገሩ ውስጥ አልነበረም። እሱ ብቻ የቀመሰው ሌላ ነገር ሻዩ ነው። የሻዩ ፔርሙስ ደግሞ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ጠፍቷል። ክቡ ቀርቷል፤ ሽታውም ቀርቷል።»

«ሻዩን አራት ሰው ሊነካው ይችል ነበር። አቶ ፈቃደ ሞልተው ሰጡት። ሀሴት ተሸከመችው። ጋሽ ዱባለ አጠገቡ ተቀመጠ። ዘይባ ሳህኑን አቀረበች። አራቱም ከሟቹ ጋር የተነጋገሩት ነገር አላቸው፤ ሁለቱ ብቻ ነግረውኛል።»

«ወደ ስልኩ ልለፍ። ደዋዩ ሰው መሞቱን የተናገረው ሰው ሳይወድቅ ነው። ይድነቃቸው በቀጠሮው ደርሶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት በእርግጥ ይሞት ነበር። ደዋዩ ቀጠሮውን ያውቃል፤ ባጃጁ መበላሸቱን ግን አላወቀም። ሀሴት ባጃጁ ውስጥ ነበረች፤ ዘይባና ጋሽ ዱባለ እዚህ ቁጭ ብለው መዘግየቱን ያያሉ።»

አቶ ፈቃደ ሳቀ። «ይሄ ግምት ነው።»

«አልጨረስኩም። ደዋዩ "የበሰበሰ ሥጋ" አለ። ይድነቃቸው የበላው ባቄላና ምስር ነው። የጠበሰችው ዘይባ ሥጋ አትልም። ያዘዘችው ሀሴት ሥጋ አትልም። የጾም ዳቦውን የጋገረው ጋሽ ዱባለም አይልም። ሥጋ ነው ብሎ የሚያስበው ከአራቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ልጁን በቪዲዮ ሥጋ ሲበላ አይቶታል፤ ቤቱ መጥቶ "ጠግቤያለሁ" ሲለው ደግሞ አምኖታል።»

«ከተማው ሁሉ ሥጋ ነው ያለው!» ጮኸ አቶ ፈቃደ።

«ከተማው ያለው ከሞተ በኋላ ነው፣ አቶ ፈቃደ። እርስዎ ያሉት ከመውደቁ አሥራ አምስት ደቂቃ በፊት ነው።»



«ከደወሉ በኋላ ወሬውን ለመስማት በዚህ በኩል መጡ። ሰውዬው ገና መውደቁን ሲያዩ ለመርዳት ገቡ፤ ፔርሙሱንም አንስተው ወንበርዎ ሥር ደበቁት። ክዳኑ ክፍት ስለነበር ፈሰሰ። ምንጣፉን ቀየሩ፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ግን ጠጥቶታል። የዝንጅብል ሻይና የተባይ መርዝ ተገኝቶበታል። በሟቹ ሆድ የተገኘው መርዝ ራሱ ነው። ከበርበሬ እርሻዎ መጋዘንም ዛሬ ጠዋት ያንኑ መርዝ ይዘናል።»

«ለምን?» አለች ሀሴት።

መልሱን ዘይባ ሰጠች። «ሰገነት ቤት ስድስት ዓመት የጠበስኩት እኔ ነኝ። ሥጋውን የማሸው፣ ቅመሙን የማዋህደው እኔ። ስሙን ያወጣው የእኔ እጅ ነው። ይድነቃቸው ከወር በፊት ጠይቆኝ ነገርኩት። ቅዳሜ እናገረዋለሁ ብሎኝ ነበር።» ወደ ውድነሽ ዞረች። «ይህን ሳልነግርሽ የቀረሁት ለዚህ ነው፤ ቂም ያላት ናት እንዳትዪኝ ፈርቼ።»

አቶ ፈቃደ ብድግ አለ። «ሃያ ዓመት ነው ይህን ስም የገነባሁት! አንድ መምህር ስልክ ይዞ መጥቶ የሠራተኛዬ ነው ሊል? ተው ብዬ ለመንኩት! ለምኜው እምቢ አለኝ!»

«እምቢ ስላለህ ነው የገደልከው?» አለች ዘይባ። «እኔም እምቢ ብዬህ ነው የወጣሁት። እኔንም በእሱ ሬሳ ልትቀብረኝ ነበር። ይኸው ቆሜያለሁ!»

ኮማንደር ዓለምዘውድ ካቴናውን አወጣ።

ቅዳሜ፣ በተቀጠረው ሰዓት፣ ሀሴት ገጹ ላይ ዝርዝሩን በይድነቃቸው የእጅ ጽሑፍ እንዳለ አወጣችው። ከጥያ አንድ፣ ከወልቂጤ ሁለት፣ ከጉብሬ አንድ ቤት ነበረበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ዘይባ፣ ቡታጅራ» ይላል። ከሥሩ ሀሴት የራሷን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ «እውነት መናገር አይቆምም፤ በሚቀጥለው ወር ቀማሿ እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ኮማንደሩ ያለ ደንብ ልብሱ ወደ መናኸሪያው ወረደ። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። ማክሰኞ ድንጋይ ያነሱት ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ሰልፉን አልፎ ወደ ዘይባ ተጠጋና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ነገሩ ተጣርቷል። ከዛሬ ጀምሮ ቤትሽን መክፈት ትችያለሽ።»

ዘይባ ከምድጃዋ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ መቼ ዘጋሁና?» አለች። «ሰልፉን ያዝ፣ ኮማንደር።»