የአባት ዜግነት

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ የፈተና መመዝገቢያ ቅጹን በመስኮቱ ለሚጢጢ መልሳ ሰጠቻት።

«የአባት ዜግነት የሚለውን ዘለልሽው፣ የኔ ልጅ።»

ሚጢጢ አንገቷን ደፋች። ሚጢጢ የሚለው፣ ከክፍሏ ተማሪዎች ሁሉ ረጅሟ እሷ ስለሆነች አጎቷ ለቀልድ ያወጣላት ስም ነው። አባቷ ድልድይ ሊሠራ ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ነበር፤ አራት ዓመት ሳይሞላት ታሞ ሞተ። እናቷ ግን ተወልዳ ያደገችው፣ ልብስ እየሰፋች እሷን ያሳደገቻትም እዚሁ ነው። ሆኖም በአገሩ ሕግ ዜግነት የሚገኘው ከአባት ብቻ ነው። ዜግነት የሌለው ተማሪ ደግሞ ለብሔራዊ ፈተና አይመዘገብም።

«እናቴ እኮ የዚህ አገር ሰው ናት» አለች።

«መች አጣሁት! ይህን ቀሚስ የሰፋችልኝ እሷ አይደለች?» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አገራችን የሴቶችን መብት ስምምነት ከፈረመች ቆየች። እናትም እንደ አባት ለልጇ ዜግነት ትሰጣለች ይላል። ግን ገና ወደ ሕጋችን አልገባም፤ እኔን የሚያዘኝ ደግሞ ሕጉ ነው። እስከ ዓርብ ሞልተሽ አምጪ።»

ቤት ስትደርስ የእናቷ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ አጎቷ፣ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ነገሩን ሰምቶ ሳቀ።

«ለዚህ ነው ፊትሽን ያጠቆርሽው? የእኔን ስም ሙይበት! አባትሽ ነኝ፣ በቃ። ማን መጥቶ ያጣራል? አታካብጂው።»

የእናቷ የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

«ኀሙስ ምክር ቤት ተጠርቻለሁ» አለች እናቷ። «ስምምነቱን ወደ ሕግ የሚያስገባ ረቂቅ ቀርቧል። ኮሚቴው ነገሩ የደረሰብንን እናቶች ሊሰማን ነው። ልጄ በወረቀት የአንተ ከሆነች ስለማን ልናገር?»

«ሕጉ እስኪወጣ ፈተናው ቢያልፋትስ? ዓመት ሙሉ ቤት ልትቀመጥ ነው?»

እናቷ ወደ ሚጢጢ ዞረች። «ፈተናው የእሷ ነው፤ እሷ ትወስን። የፈለገችውን ብትጽፍ አልቀየማትም።»

ሚጢጢ የአጎቷን ስም በእርሳስ ጻፈች። ደግ ሰው ነው፤ ስሙም አላስጠላትም። ቀጥሎ «የእናት ስም» ወደሚለው ወረደችና እጇ ቆመ። እህትና ወንድም ልጅ አይወልዱም። እዚያ ላይ የአጎቷን ሚስት ስም መጻፍ ሊኖርባት ነው። ቀና ስትል እናቷ መርፌው ላይ አጎንብሳ ክር ለማስገባት ትታገላለች። ሚጢጢ ላጲሷን አነሳች።

ኀሙስ አብረው ሄዱ። እናቷ ሁሉንም ተናገረች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አዳምጣ ስታበቃ፣ «ልጅሽ የተከለከለችበት ደብዳቤ አለ?» ስትል ጠየቀች።

«የለም፣ እመቤቴ። ሁልጊዜ በቃል ነው የሚመልሱን።»

ዓርብ ጠዋት ሚጢጢ ቅጹን በመስኮቱ አስገባች። የአባቷ እውነተኛ ስምና አገር፣ የእናቷም ስም በቀለም ተጽፏል።

«ይህ እንደማያልፍ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። የማያልፍበትን ምክንያት ይጻፉልኝና ማኅተም ያድርጉበት።»

ሠራተኛዋ አየት አደረገቻት። ከዚያ ብዕሯን አንስታ ረጋ ብላ ጻፈች፤ ማኅተሙንም ጠበቅ አድርጋ መታች። «ኮፒ አንሺ፤ ዋናው እንዳይጠፋብሽ» አለቻት።

የመለማመጃው ፈተና ደወል ተደወለ። ሚጢጢ ለአፍታ ወደ ክፍሏ ተመለከተች። ከዚያ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከታ፣ ምክር ቤት የሚያደርሰውን አውቶቡስ ልትይዝ ወደ ግቢው በር አመራች።