ንኩኝ ባይ ደረት

ይሄ ተረት አይደለም። ማመን ያቃተው ይለፈው፤ እኔ ማንንም አልለምንም።

ቀን ነው፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። ፀሐዩ ወለል ብሏል። ያለሁት አጎቴ ሳሎን ነው።

አጎቴን ሰፈሩ «ባትሪው» ይለዋል። ልቡ እየዘገየ ሲያስቸግረው ሐኪሞች ደረቱ ላይ፣ ከቆዳው ስር፣ ምቱን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ቀበሩለት። ሌላ ሰው ቢሆን አርፎ ይተኛል። እሱ ሸሚዙን ከፍቶ ኤግዚቢሽን ጀመረ!

«ና ንካው! አይዞህ፣ አይነክስም!»

የመጣ ጠያቂ ሁሉ ይነካል። አፍንጫውን በጎረጎረበት ጣት፣ የጫማውን ክር ባሰረበት ጣት... ስፌቱ ገና ሳይደርቅ።

ነርሷ «አታስነካ። ከቀላ፣ ካበጠ ወይ ካተኮሰህ በዚያው ቀን ና» ብላው ነበር። ለግድግዳ ብትነግረው ይሻላት ነበር።

የዚያን ቀን ስፌቱ አጠገብ ቀይ ምልክት አየሁ።

የጣት ጫፍ ታክላለች።

«ጋሼ፣ ቀልቷል እኮ።»

«አንቺ ምላሳም! መቼ ሐኪም ሆንሽ?»

ሚስቱ ደግሞ ተቀበለችው። «ሸሚዙ ፈትጎት ነው።»

ሁለቱን አንድ ላይ ብትጨምቋቸው ጠብታ ማስተዋል አይወጣቸውም።

በማግስቱ ምልክቶቹ በዙ። አንዷ ወፈር ብላ ለብቻዋ... ሌሎቹ ተደርድረው...

እጅ!

ደረቱን የጨበጠ እጅ።

አጎቴ በዚያ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። መዳፌን አስጠጋሁ። ሳልነካው ትኩሳቱ ገረፈኝ።

«ማነው የሚጫነኝ?» አለ በሹክሹክታ።

«ማንም የለም፣ ጋሼ።»

«እጁን ያንሳ በይው...»

«ማን?»



ሸሚዙን ገለጥኩት። በስፌቱ መሃል መግል ይወርዳል። ከመግሉ ስር... ብረት ብልጭ አለ።

ጩኸቴን አቀለጥኩት። ሚስቱ ያኔም «ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ። ይስማ!

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ አየውና ፊቱ ተለወጠ። «ኢንፌክሽኑ መሣሪያው ጋ ደርሷል። መድኃኒት ብቻውን አያድነውም፤ ወደ ልቡ ከገባው ሽቦ ጋር መውጣት አለበት። ደሙ ውስጥ ተሰራጭቶ ከሆነ ደግሞ...»



አወጡት። ልቡን ለጊዜው በሌላ ሽቦ ያዙለት። ትኩሳቱ ግን ገና አልለቀቀውም። ጠያቂ ተከለከለ። በሩ ተዘጋ። አልጋው አጠገብ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ያ ሁሉ ጉራ ተንፍሶ እንደ ሕፃን ያየኛል።

«እንዳታስነኪኝ...»

«አሁን ገባህ? ‹አይነክስም› ስትል አልነበር?»

ዓይኑ ደረቱ ላይ ፈጧል።

እኔም አየሁ።

ፋሻው ንጹሕ ነው፣ ነጭ፣ ልስልስ ያለ። እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው። የእሱም አንሶላው ላይ።

ፋሻው መሃሉ ላይ... ቀስ እያለ... ሰው እንደተጫነው ጎደጎደ።

የጣት ጫፍ ታክላለች።